ያላየነውን ፊልም አትሸልሙብን

አዳራሹ ሞልቷል። ይጀመራል ከተባለበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ዘግይቶ የተጀመረው የፊልም ሽልማት ምሽት ወደ ማገባደጃው ተቃርቧል። የስፖንሰሮቹ ምስጋና ሦስት ጊዜ ተነቧል፤ ዘፈን ተዘፍኗል፤ ቀልድ ተቀልዷል። መድረክ መሪው ፖስታውን ቀደደና «የዓመቱ ምርጥ ፊልም…» ብሎ፣ እንደ ፈረንጆቹ ልባችንን ለመስቀል ትንሽ አቆየን። ከዚያ ስሙን ጠራ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እኔም ተነሥቼ አጨበጨብኩ። በቀኜ የቆመው ጎልማሳ እጁን ከጭብጨባው ሳያሳርፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ፊልም መቼ ነው የታየው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ከፊታችን ያሉትን ወይዘሮ ነካ አድርጎ ጠየቃቸው። «እኔም አላየሁትም የኔ ልጅ፤ ግን ጥሩ ነው ይላሉ» አሉት፣ እያጨበጨቡ። ከእኛ መደዳ ፊልሙን ያየ አንድም ሰው አልተገኘም። ጭብጨባው ግን ደማቅ ነበር።

እንግዲህ ነገሬን ከዚያ ጎልማሳ ጥያቄ ልጀምር። ይሄ ፊልም መቼ ነው የታየው?

የፊልም ሰዎቻችን በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ እሮሮ አላቸው። «ሕዝቡ ፊልም ትቷል» ይላሉ። ሲኒማ ቤቶች ጭር አሉ፣ የሽልማት ዝግጅት በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቤተሰቡ ጣቢያ ይቀይራል፣ ወጣቱ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይውላል፣ የተመልካቹ ጣዕም ወርዷል ይላሉ። ተጠያቂዎቹም ተቆጥረው የተያዙ ናቸው። መጀመሪያ ኮፒ የሚያደርገው የሲዲ ነጋዴ ነበር። ቀጥሎ በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እያስገባ መጣና የጥበብ ሰዎች «ባህላችን ተበላ» ብለው ድምፃቸውን አሰሙ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ አዳራሾቹን ዘጋ። አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ነው። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ከበሩ ውጭ ነው። ከበሩ ውስጥ ያለነው ንጹሓን ነን።

እኔ ይህን ክስ አልቀበልም። ሕዝቡ ፊልም አልተወም። የማያምን ቢኖር አክስቴን ይጠይቅ።

አክስቴ ስድሳዎቹን ያገባደደች ሴት ናት። ሲኒማ ቤት ከገባች ስንት ዘመኗ ነው። ነገር ግን ማታ ማታ ቡናዋን አቀራርባ ተከታታይ ፊልሟን ስታይ፣ ስለ አንዲት የኢስታንቡል ምራትና አማት የምትሰጠውን ትንተና እኔ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ጽፌው አላውቅም። የትኛዋ ተዋናይ ከልቧ እንደምታለቅስና የትኛዋ ዐይኗን እንደምታሽ ለይታ ትነግርሃለች። ታሪኩ ሲንዛዛም ታውቃለች። «አሁንስ ገንዘብ ፍለጋ ነው የሚያራዝሙት» ትላለች። አንድ ቀን፣ «የኛን ፊልም ለምን አታዪም?» ብዬ ብጠይቃት ቀና ብላ አየችኝና፣ «የቱን? የት ሄጄ? አንተ ልጅ፣ አምጣልኝና ልየው እንጂ!» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

በነገራችን ላይ እሮሮው የእኛ ብቻ አይደለም። የሽልማት ሁሉ አባት የሚባለው ኦስካርም በዚሁ በሽታ ተይዟል፤ የእሱ ገመና ደግሞ በቁጥር ስለሚመዘገብ ለትምህርት ይመቻል። ኦስካር ሲጀመር የባለሙያዎች የእራት ግብዣ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1929 በሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል 270 ያህል እንግዶች ተሰበሰቡ፤ መግቢያው 5 ዶላር ነበር፤ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሩብ ሰዓት ገደማ ብቻ ፈጀ። አሸናፊዎቹ ከወራት በፊት ታውቀው ስለነበር ልብ ሰቀላ የሚባል ነገር አልነበረም። ማንም በዚያ ቅር አልተሰኘም፤ ምክንያቱም ሕዝቡን አልጠሩትማ። በ1953 ቴሌቪዥን ገባ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ የግብዣው ታዳሚ ሆነ።

ኦስካር በተመልካች ብዛት ጣራ የነካው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በአሜሪካ ብቻ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው። ለምን ቢሉ፣ ያን ማታ 11 ሽልማት ያፈሰው «ታይታኒክ» ነበርና ነው። ልብ በሉ! «ታይታኒክ» በዚያ ወቅት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች 15 ሳምንታት በተከታታይ በገቢ አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ ሽልማቱ የተሰጠውም በእነዚያው ሳምንታት መካከል ነው። ሰዉ ቅዳሜ ፊልሙን አይቶ ሰኞ ማታ ሲሸለም ተመለከተ ማለት ነው። የራሱ ዕንባ ያልደረቀለትን ፊልም እንዴት ሆኖ ነው ሲሸለም የማያይ? ለነገሩ «ታይታኒክ» እኛም ሰፈር ደርሶ ነበር። ቪዲዮ ቤታችን በር ላይ በከሰል የተጻፈ ማስታወቂያ ነበረው፤ አግዳሚ ወንበሩ አልበቃ ብሎ መሬት የተቀመጥን ልጆች መርከቡ እንደሚሰምጥ እያወቅን እንዳይሰምጥ ስንለምን አመሸን። እንግሊዝኛውን የሚሰማ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ወረርሽኙ አሜሪካንን ሳይዘጋ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 2020፣ ተመልካቹ ወደ 23 ሚሊዮን ተኩል ወርዶ ነበር። በ2021 አዳራሾች በተዘጉበት ዓመት ከ10 ሚሊዮን ብዙም የማይዘል ሆነ። የሲኒማ ትኬቱም እንዲሁ፤ በ2002 በሰሜን አሜሪካ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ትኬት ተሽጦ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት የሚሸጠው የዚያ ግማሽ ገደማ ነው።

አካዳሚው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሕዝብ የወደደው የባትማኑ «ዘ ዳርክ ናይት» ለምርጥ ፊልም ሳይታጭ ሲቀርና ጩኸት ሲበዛ፣ በ2009 የዕጩዎቹን ቁጥር ከ5 ወደ 10 አሳደገ። በ2018 ነሐሴ ላይ «ተወዳጅ ፊልም» የሚል አዲስ ዘርፍ አወጣሁ አለ፤ «ታዲያ ሌላው የማይወደድ ሊባል ነው?» ተብሎ ሲሳቅበት በወሩ መልሶ ዋጠው። በ2022 ሥርጭቱን ለማሳጠር ብሎ የ8 ዘርፍ ሽልማቶችን ከቀጥታው ሥርጭት በፊት ሰጠ፤ የዚያን ዓመት ሽልማት ግን ዓለም የሚያስታውሰው በአንዲት ጥፊ ነው። አሁን ደግሞ ከ2029 ጀምሮ ቴሌቪዥኑን ትቶ ዩቲዩብ ላይ ሊተላለፍ መዋዋሉን በ2025 ታኅሣሥ አስታውቋል። እንግዲህ የእኛ ሰዎች የሚረግሙት ዩቲዩብ የኦስካር መጠጊያ ሊሆን ነው።

አንድ ነገር መደበቅ ግን አልፈልግም። «ሰው ያየው ፊልም ሲሸለም ሰው ይመጣል» የሚለው ክርክሬ ቀዳዳ አለው። በ2024 ያሸነፈው «ኦፐንሃይመር» በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ሰው ያየው ፊልም ነው፤ ያም ሆኖ የዚያ ዓመት ተመልካች 19 ሚሊዮን ተኩል ብቻ ነበር። 55 ሚሊዮን አልተመለሰም፤ የሚመለስም አይመስለኝም። ቤተሰብ አንድ ቴሌቪዥን ከብቦ የሚያመሽበት ዘመን አልፏል። ቢሆንም ከ10 ወደ 19 ተኩል መውጣት ከ10 ወደ ታች ከመውረድ ይሻላል። ያነሣውም ቀይ ምንጣፉ አልነበረም፤ ፊልም በየአዳራሹ መታየቱ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ።

እኔ በ2000 ዓ.ም. ግድም ጎረምሳ ነበርኩ። ያ ዘመን ለአማርኛ ፊልም የሠርግ ዘመን ነው። ዲጂታል ካሜራ ገብቶ ሁሉም ፊልም ሠሪ ሆኗል። እሑድ ከሰዓት አምባሳደር በር ላይ ወይም ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ዘንድ የሚታየውን ሠልፍ ያላየ ሰው አሁን ብነግረው ያጋነንኩ ይመስለዋል። ፍቅረኛሞች፣ ተማሪዎች፣ ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ከልጆቻቸው ጋር የመጡ አባቶች። ሎሚና ቆሎ የሚሸጡ ልጆች በሠልፉ መሀል ይሽሎከሎካሉ። አንድ ትኬት ቆራጭ ትዝ ይሉኛል፤ መነጽራቸው በክር የታሰረ ነው። «ጋሼ፣ አለቀ?» ስንላቸው፣ «ለአንድ ሰው ቦታ አይጠፋም» እያሉ ስድስት ሰው ያስገቡ ነበር። መተላለፊያው ደረጃ ላይ ተቀምጠን አየን።

ያ ሠልፍ ከዩቲዩብ በፊት መሳሳት የጀመረው በእኛው እጅ ነው። አንድ ቀልድ ፊልም ገበያ ሲመታ ሠላሳ ቀልድ ፊልም ተከተለ። ሀብታሟ ልጅ፣ ደሀው ወጣት፣ ተንኮለኛው የአጎት ልጅ፣ አፉን የማያርፍ ዘበኛ። ፖስተሩን ካየህ ፊልሙን አይተኸዋል። ድምፁ አይሰማም፤ የሚሰማው ሙዚቃው ነው። ሰዉ አንድ ጊዜ ተታለለ፣ ሁለተኛም ይቅር አለ፣ በሦስተኛው ቤቱ ቀረ። ታዲያ ይህ ጣዕም መውረድ ነው ወይስ ጣዕም መኖር?

እኔስ የት ነበርኩ? እኔማ በነጻ መግቢያ ካርድ ፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። ፊልም በተመረቀ ቁጥር እጠራለሁ፤ ከፊልሙ በኋላ ቆሎና ለስላሳ አለ፤ ዳይሬክተሩ ትከሻዬን አቅፎ «እንዴት አገኘኸው?» ይለኛል። በማግስቱ የምጽፈው «ተስፋ ሰጪ ጅምር» ነው። ስንቱን ፊልም «ተስፋ ሰጪ» እንዳልኩት ብቆጥረው ያሳፍረኛል። ትኬት ገዝቶ የገባው ሰው ጽሑፌን አንብቦ ከሆነ፣ የትኬቱን ዋጋ ከእኔ ቢጠይቅ ይገባዋል። ተቺ ተብሎ የተቀመጠ ሰው አጃቢ ሲሆን ተመልካቹ የሚያምነው ሰው ያጣል።

ሆኖም ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ እንኳ፣ ጥሩ ፊልም አልተሠራም አልልም። ተሠርቷል። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ጥሩው ፊልም ከመጥፎው ጋር እኩል ይመረቃል፣ እኩል ጥቂት ሳምንት ይታያል፣ እኩል ይሰወራል። ከዚያ ወዲያ የት ታገኘዋለህ? ፕሮዲዩሰሩ እንዳይሰረቅበት ይደብቀዋል፤ ለዩቲዩብ ቻናል እስኪሸጠው ይጠብቃል፤ የሸጠው ቀን ዋሽንግተንና ሪያድ ያለው ወገን በስልኩ ያየዋል፤ ደሴና ጅማ ያለው በኮኔክሽኑ ዋጋ ልክ ቆራርጦ ያየዋል። ሽልማቱ የሚመጣው ፊልሙ ከአዳራሽ በወጣበትና ዩቲዩብ ባልደረሰበት በዚያ የጨለማ ጊዜ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ባሰ አታምጣ የሚያሰኝም አለ። በአንዳንድ ውድድሮች ሕዝቡ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ድምፅ እንዲሰጥ ይጋበዛል። ምን አይቶ? ያላየውን ፊልም እንዴት አድርጎ ይመርጣል? የሚመርጠው የሚያውቀውን ፊት ነው፤ ወይም የመንደሩን ልጅ፤ ወይም የጓደኛውን ጓደኛ። ውጤቱ ሲነገርም «አድልዎ ነው» የሚል ጩኸት ይነሣል። ሁልጊዜ አድልዎ አለ አልልም። ማመሳከሪያ በሌለበት ግን ሐሜቱን ምን ይመልሰዋል? ሰው ፊልሙን አይቶት ቢሆን ኖሮ፣ «እኔ እገሌን እመርጥ ነበር፣ ግን ይሄኛውም ይገባዋል» ብሎ ይከራከር ነበር። ክርክሩ ራሱ ነው የሽልማት ጨው። በእግር ኳስ ዓለም የዓመቱ ኮከብ ሲመረጥ በየሻይ ቤቱ የሚነሣውን ጠብ ተመልከቱ፤ ሁሉም ጨዋታውን አይቷላ!

በ2006 ዓ.ም. የተጀመረውን የጉማ ሽልማት ውሰዱ። ስሙ እንዴት ያለ ማለፊያ ስም ነው! ከግማሽ ምእተ ዓመት በፊት ሚሼል ፓፓታኪስ በሠራው ፊልም ስም መጠራቱ ለቀደመው ትውልድ የተከፈለ ዕዳ ነው፤ አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በታች ካለው ታዳሚ «ጉማ»ን የተባለውን ፊልም ያየ ስንት ይሆን? የ1957ቱን «ሂሩት አባቷ ማነው»ንስ? አንድ ልጅ የአያቱን ስም ይዞ የአያቱን ፎቶግራፍ ሳያይ እንደሚያድገው ሆነናል።

ሌላ ላንሳ። «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ልብ አድርጉ፣ የዳኞችን አይደለም፣ የተመልካቾችን፤ አይተው የመረጡት ነው። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ በብሔራዊ ቴአትር ሊታይ ሰው ቦታ ቦታውን ይዞ ከተቀመጠ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። የሕጉ ክርክር የራሱ መንገድ አለው፤ በዚያ አልገባም። በኋላም ፊልሙ ታይቷል። ግን ያን ሰሞን የከተማው ሰው እንዴት እንደጠየቀ፣ እንዴት እንደተነጋገረ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሕዝቡ ፊልም ቢተው ኖሮ ስለ አንድ ያልታየ ፊልም ያን ያህል ባልተነጋገረ።

የሚሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ሽልማት ለባለሙያ ነው። የድምፅ ባለሙያው፣ የመብራት ባለሙያው፣ አርታኢው፣ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ስማቸው ይጠራ። ሕዝቡ አየ አላየ ምን አገባው?» ይህ ክብር ያለው ሐሳብ ነው። እንዲያ ከሆነ ግን እንደ 1929ኞቹ ሁኑ። እራት ብሉ፣ በሩብ ሰዓት ተሸላለሙ፣ ተቃቅፋችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ። ማንም አይወቅሳችሁም። ቴሌቪዥን ከጠራችሁ፣ ቢራ ስፖንሰር ካደረጋችሁ፣ ቀይ ምንጣፍ ከዘረጋችሁና እኔን ከቤቴ ካስወጣችሁ ግን እንግዳችሁ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ጠርተውት ባዶ ሞሶብ አያሳዩትም።

ሌላው ደግሞ የገንዘብ ነገር ያነሣል። አዳራሽ ውድ ነው፣ ፕሮዲዩሰሩ ከስሯል፣ ማን ከፍሎ ያሳያል ይላል። እኔም በገንዘብ በኩል የዋህ አይደለሁም። ነገር ግን ሰኞና ማክሰኞ ቀን ሲኒማ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ገብቼ አውቃለሁ። ባለፈው በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አሥራ አንድ ሆነን ፊልም አየን፤ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ተኝተዋል። ያ አዳራሽ መብራቱን አብርቶ፣ ሠራተኛውን ቀጥሮ፣ ባዶ ወንበር ያስተዳድራል። ከሽልማቱ በፊት ባለው አንድ ሳምንት፣ በእነዚያ ባዶ ሰዓቶች፣ ዕጩ ፊልሞቹ በግማሽ ዋጋ ቢታዩ የሚከስር ማነው? ለመድረክ ጭስና ለዳንስ ቡድን የሚከፍል ስፖንሰር ለአሥር ፊልም የአንድ ሳምንት ማሳያ መክፈል የሚያቅተው አይመስለኝም። ስሙም ከአንድ ማታ ይልቅ ሰባት ቀን ይነበብለታል። ደግሞ አዲስ አበባ ብቻ ለምን? ክልል ከተማ ላይ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ አለ፤ ፕሮጀክተርና ነጭ ጨርቅ አለ። አያቶቻችን «ሰይጣን ቤት» ብለው የፈሩት ሲኒማ እኮ ገና ሲመጣ ከዚህ የበለጠ መሣሪያ አልነበረውም።

ስለዚህ ለሽልማት አዘጋጆች የምለው አጭር ነው። ደንባችሁ ላይ አንዲት አንቀጽ ጨምሩ፤ ከሽልማቱ በፊት ባለው ወር ለሕዝብ ያልታየ ፊልም አይወዳደርም። ፕሮዲዩሰሩ አላሳይም ካለ ዋንጫው ይቅርበት። እኛ ስለ ፊልም የምንጽፍም የነጻ ካርዳችንን መልሰን ትኬት እንቁረጥ። እኔ ከዘንድሮ መስከረም ጀምሬያለሁ። በገንዘቤ የገባሁበት ፊልም ሲያናድደኝ የምጽፈው ዓረፍተ ነገር አጭር እየሆነ መምጣቱን ታዝቤያለሁ።

ያን ሰሞን ከሽልማቱ በማግስቱ አሸናፊውን ፊልም ፍለጋ ወጣሁ። ሦስት ሲኒማ ቤት ጠየቅሁ፤ «ወርዷል» አሉኝ። የድሮ ሲዲ ሻጭ ጠየቅሁ፤ አሁን የስልክ መሸፈኛ ነው የሚሸጠው፣ ሳቀብኝ። በመጨረሻ ከፊልሙ ሥራ ጋር ግንኙነት ላለው አንድ ወዳጄ ደወልኩ። «ታገሥ፣ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ሊንኩን እልክልሃለሁ» አለኝ። ማታ አክስቴ ቤት ጎራ አልኩ። ሽልማቱን በቴሌቪዥን ትንሽ አይታው ኖሯል። ሲኒውን እያቀበለችኝ፣ «ያ ዋንጫ የበላው ፊልም ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?» አለችኝ። ቡናውን ፉት አልኩና ስለ ስኳሩ አወራሁ።